ዐሥራ አንድ ቀን ክፍት የነበረው ፎልደር

ሊቁ የሰርቨር ክፍሉን በር በትከሻው ገፍቶ ሲከፍትላት፣ ፋይሊት መጀመሪያ ያየችው ሰርቨሩን ሳይሆን የለውዝ ገለባውን ነው። ወለሉ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የኪቦርዱ ቁልፎች መሐል ሳይቀር ገለባ ተሰግስጓል። መስኮቱ ሥር ሦስት ብርጭቆ ሻይ ተደርድሮ፣ አንደኛው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበው ውሃ በተቆረጠ ጀሪካን ይጠራቀማል፤ ጀሪካኑን የሚደፋው ሰው እንደሌለ ግን ጠረኑ ይመሰክራል። ፋይሊት መሐረቧን አውጥታ አፍንጫዋ ላይ ያዘች።

«ይግቡ እትዬ፣ አይናከስም» አላት ሊቁ፣ በአገጩ ወደሚያጓራው ጥቁር ሣጥን እያመለከተ።

«ሊቁ» የወጣለት ስም ነው። በዚያ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ከሐኪም እስከ ዘበኛ ሰርቨር የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ መጀመሪያ ለቀልድ ሊቁ አሉት፤ ኋላ እሱም አመነበት። ፋይሊትም የወጣላት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ፣ የምርመራ ውጤት በመስኮት ለባለቤቱ ብቻ ስታስረክብ፣ ባል የሚስቱን ውጤት ቢጠይቃት እንኳ «ራሷ ትምጣ» እያለች ስትመልስ የኖረች ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ወረቀት ለማይገባው ሰው ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ብትኮራበት አይፈረድባትም፤ ደግሞም ትኮራበት ነበር።

አሁን ያ መስኮት ተዘግቷል። ውጤት በድረ ገጽ ሆኗል፤ ሰው ደሙን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ውጤቱ ሲደርስ በስልኩ ሊንክ ይላክለታል፣ ከፍቶ ያነባል። ሊቁ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ስላገኘ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሥራ አስኪያጁ ፋይሊትን ጠርተው፣ «ወይ ከእሱ ተምረሽ ሰርቨሩን ትረከቢያለሽ፣ ወይ ከከተማ ውጭ መጋዘን ገብተሽ ካርቶን ታነሺያለሽ። ሦስተኛ የለም» አሏት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፤ መጋዘኑ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። እማራለሁ አለች።

ሊቁ ሲያስተምር አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ አያወሳስብም። «ሰርቨር ማለት የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው» አላት በመጀመሪያው ቀን። «ሰው ይጠይቃል፣ እሱ ጓዳ ገብቶ ያመጣል። ከሌለ ‹የለም› ይላል፣ ከተከለከለ ‹አይፈቀድም› ይላል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።» ይህን ብሎ ለውዝ የፈለፈለበትን ጣቱን ላሰና ኪቦርዱ ላይ አሳረፈው። ትምህርቱ ገባት፤ ጣቱ ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። በማግሥቱ ጓንት፣ ጨርቅና አልኮል ከቤቷ ይዛ መጣች። ኪቦርዱን ገልብጣ ስታራግፈው የወረደውን ሁሉ መዘርዘር ደግ አይደለም፤ ከመካከሉ ግን የተቆረጠ ጥፍር ነበረበት።

ያም ሆኖ የውጭው ቆሻሻ ከውስጡ ይሻል ነበር። የይለፍ ቃሉ ግድግዳው ላይ በወረቀት ተለጥፏል፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር በቃሏ ታውቀዋለች። የመጠባበቂያ ቅጂው የተቀመጠው እዚያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ማሽኑ ቢሞት ቅጂውም አብሮት ይቀበራል። ሊቁ ትንሹንም ትልቁንም ሥራ የሚሠራው በዋናው አለቃ ስም ገብቶ ነው፤ ይህ ስም ሰርቨሩ ምንም ነገር የማይከለክለው፣ ማን እንደገባበትም የማይለይ ስም ነው። ፋይሊት ይህን አልወደደችውም።

«እኔ በሰው ስም አልፈርምም» አለችው። «የራሴን ስም አውጣልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል እትዬ? ይሠራል አይደል?» አላት። ይህ «ይሠራል አይደል» የሚሉት ነገር የሊቁ ሃይማኖት ነው። እየሳቀ በስሟ መግቢያ ከፈተላት፤ ከዚያ ወዲያ የምትሠራው ሁሉ ሰርቨሩ ዘንድ በስሟ ይመዘገብ ጀመር።

ከተማረችው ሁሉ ልቧ የገባው ሎጉ ነበር። ሎግ ማለት ሰርቨሩ የሚጽፈው የውሎ መዝገብ ነው፦ ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛውን ፋይል ጠየቀ፣ ምን መልስ አገኘ። አንድም ሳይቀር፣ መስመር በመስመር። ሊቁ አንድ ጊዜም አንብቦት አያውቅም። ፋይሊት ግን ጠዋት ጠዋት መነጽሯን አድርጋ ታነበው ነበር። በዚያ አጸያፊ ክፍል ውስጥ ሥርዓት ያለው ነገር እሱ ብቻ መሰላት።

ሥርዓት የሌላቸው ደግሞ ፋይሎቹ ነበሩ። የእያንዳንዱ በሽተኛ ውጤት አንድ ፋይል ነው፤ የፋይሉ ስም ግን የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ፣ ጭንቅላትና ጅራት የሌለው፣ ድመት በኪቦርዱ ላይ የሄደችበት የሚመስል ነገር ነው። ስድስት መቶ አርባ ፋይል እንዲህ ተዝረክርኮ ማየት አንገሸገሻት። አንድ ሰው ውጤቱ አልደረሰኝም ብሎ ቢደውል በምን ፈልጋ ታገኘዋለች? መዝገብ ቤት ያደገ ሰው ይህን አይችልም።

«ላስተካክለው?» አለችው ሊቁን።

«ደስ እንዳለዎ» አላት ሊቁ አፉን ሞልቶ።

አራት ቀን ፈጀባት። እያንዳንዱን ውጤት በስም፣ በአባት ስም፣ በአያት ስም ሰየመችው። ከሀ ጀምሮ በፊደል ተራ ቁጭ አለ። ሊንኮቹንም ከአዲሶቹ ስሞች ጋር አስማማች። በዚያ ሳምንት እንደዚያ የተደሰተችበት ቀን አልነበረም።

በስምንተኛው ቀን ስትሞክረው ድረ ገጹ «አይፈቀድም» አለ። ፋይሎቹን የሠራችው በራሷ ስም ገብታ ስለነበር፣ አስተናጋጁ ሊነካቸው ፈቃድ የለውም። ሊቁ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ የፎልደሩን ፈቃድ በሦስት ቁጥር እንድትቀይር ነገራት። «ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ብለው ይጻፉ። አንዱ ሰባት ለባለቤቱ፣ አንዱ ለባልደረቦቹ፣ አንዱ ለማንም። ለማንም ከተከፈተ የሚከለከል የለም፣ ራስ ምታት የለም።» ጻፈች። «አሁን ደግሞ ዝርዝሩን ያብሩት፤ ሁሉም ፋይል ቦታው መድረሱን በዓይናችን እንይ።» አበራች። የፎልደሩ ዝርዝር በስም ተራ፣ ጥርት ብሎ ድረ ገጹ ላይ ወጣ።

«ይህስ እንዲህ ክፍት ይቀመጣል?» አለችው።

«በኋላ እናጠፋዋለን» አላት። ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ነበር፣ በማግሥቱ ሌላ ትምህርት መጣ፤ ፋይሊት ሎጉን ታነብበት የነበረው ጠዋትም በእሱ ተያዘ። በኋላ የሚባለው ሰዓት ሳይመጣ ቀረ።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ታላቅ እህቷ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት የእህቷ ልጅ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ይህች ልጅ ልትዳር ነው፣ እጮኛ አላት። ከወር በፊት «ለምርመራው የት ልሂድ?» ስትል፣ «ሌላ ቦታ ምን አስኬደሽ፣ እኔ ያለሁበት ነይ፣ እኔ ባለሁበት ምሥጢር አይወጣም» ብላ በእጇ ይዛ የወሰደቻት ፋይሊት ናት። ውጤቱ ጉበት ላይ የሚቀመጥ ቫይረስ አሳየ። ሐኪሙ ይታከማል፣ ከእሱ ጋር መኖር ይቻላል፣ እጮኛሽም ይከተባል ብሏታል።

«አክስቴ፣ ለማን ነው የነገርሽው?» አለቻት ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ።

«ምኑን?»

«እጮኛዬ ያውቃል። እህቱ ነግራዋለች። ከነቁጥሩ፣ ወረቀቱን እንዳነበበ ሰው።»

ፋይሊት ወደ እህቷ ዞረች። እህቷ የታጠፈ ልብስ እንደገና እያጠፈች ነበር። «ያወቅነው ሦስታችን ነን» አለች ቀና ሳትል። «እሷ አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም።» ሦስተኛዋን አልጠራችም።

«እህት ዓለም፣ እኔን?»

«እንጃ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰው ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው እኛ የሰማነው።»

«ልነግረው ነበር እኮ» አለች ልጅቱ። «ቅዳሜ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ልንሄድ ቀጠሮ ይዤ ነበር። በበሽታው አይደለም የተቆጣው። ከሌላ ሰው አፍ በመስማቱ ነው። ‹ሌላስ ምን ደብቀሽኛል› አለኝ።»

ፋይሊት ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ተቆጥታ ሄደች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሎችን ከመስኮት ስትመልስ የኖረችን ሴት፣ የገዛ እህቷ ወሬ አቀባይ አደረገቻት። እህቷ እንዲያ ማሰቧ ራሱ አስጠላት። ነገ ጠዋት ሎጉን አነባለሁ አለች፤ ሎግ አይዋሽም፣ ወረቀቱን ማን እንዳየው ይነግረኛል፣ አትሜ እወስድላታለሁ።

ሰኞ ከሊቁ ቀድማ ገባች። ወንበሩን በአልኮል ጠርጋ ተቀመጠችና የእህቷን ልጅ ስም ፈለገች። አንድ መስመር ወጣላት፤ ያው ስልክ የጠየቀውን ሁሉ ስትፈልግ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱም በሁለት ደቂቃ ውስጥ። በመጀመሪያው መስመር ባለስልኳ የራሷን ውጤት ከፍታለች፤ የፋይሉ ስም የእጮኛው እህት ሙሉ ስም ነው። በሁለተኛው የሊንኩ ጅራት ተቆርጦ ፎልደሩ ብቻ ተጠይቋል፤ ሰርቨሩም እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ዝርዝሩን በሙሉ አቅርቧል። በሦስተኛው የእህቷ ልጅ ወረቀት ተከፍቷል።

ፋይሊት በራሷ ስልክ ሞከረችው። የአንድ ፋይል ሊንክ ከፍታ ከመጨረሻው ስሙን አጠፋች። ስድስት መቶ አርባ ሰው ከሀ ጀምሮ ተሰልፎ መጣላት፣ በስም፣ በአባት ስም፣ በአያት ስም። አራት ቀን የደከመችበት፣ የኮራችበት ተራ ነው። ማንም መፈለግ እንኳ አያስፈልገውም፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ጎረቤቱን ያገኛል።

ከዚያ ወደ ላይ እያነበበች ሄደች፤ ባታነብ ይሻላት ነበር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ኖሮ ሰማንያ ሰባት ስልክ ፎልደሩን ጎብኝቷል። ከሰማንያ ሰባቱ በላይ ያስጠላት ግን ስልክ አልነበረም፤ ይኸው የተቀመጠችበት ኮምፒዩተር ነበር። በየቀኑ፣ እሷ ምሳ በምትወጣበት ሰዓት፣ ከዚህ ወንበር ላይ የሰው ውጤት ሲከፈት ውሏል። አርባ ሦስት ውጤት። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ሁለት ጊዜ። የጽዳት ሠራተኛዋ። የራሷ የፋይሊት የስኳር ምርመራም አልቀረም። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳችና ልብሷ ላይ ጠረገችው።

ሊቁ ሲገባ ለውዙን ይዞ ነበር። ማያ ገጹን አየና ፈገግ አለ።

«አንብበሃቸዋል» አለችው።

«ጊዜ ማሳለፊያ ነው እትዬ። ጋዜጣም እኮ አናነብም።»

«የሰው ደም ነው።»

«ምን አደረግኳቸው? ለማንም አልተናገርኩም።» ገለባውን ወለሉ ላይ ጣለ። «ደግሞ እኔ ነኝ እንዴ ስማቸውን የለጠፍኩት? ያ ዝብርቅርቅ ቁጥር እኮ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተደረገው፤ ማንም ገምቶ እንዳያገኘው።»

«ያ ቁልፍ ነበር?» አለችው ፋይሊት።

«ቁልፍ ይበሉት።»

«አራት ቀን ሙሉ ስፈታው አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎዎት ነበር» አላት ትከሻውን ሰብቆ። «ደግሞ ማን ያየዋል ብዬ።»

እንዲህ ያለ ሰው መጸየፍ ቀላል ነው፤ ፋይሊትም የሚበቃውን ያህል ተጸየፈችው። ነገር ግን ሰርቨሩ የሚያስቀምጠው ሌላ መዝገብ አለ፤ የትኛውን ትእዛዝ ማን እንደሰጠ የሚጻፍበት። ከፈተችው። ሦስቱ ሰባቶች ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ተቀምጠዋል። ዝርዝሩን የሚያበራው ትእዛዝም ከሥራቸው አለ። በሁለቱም አጠገብ የተጻፈው ስም የአለቃ አይደለም፤ በሰው ስም አልፈርምም ብላ ያወጣችው የራሷ ስም ነው። ትናንት ከእህቷ ቤት የወጣችበት ቁጣ ከላይዋ ላይ እርግፍ አለ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላል ሰው፤ እሷ ድስቱን ጥዳ ዐሥራ አንድ ቀን ረስታዋለች።

መጀመሪያ ፎልደሩን ዘጋች። ፈቃዱን ለአስተናጋጁ ብቻ ሰጠች፣ ዝርዝሩን አጠፋች፣ በስልኳ ሞከረችው፤ «አይፈቀድም» አለ። ስድስት ደቂቃ ነው የፈጀባት። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣችና አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶአቸውን እየከፈቱ እየከደኑ ሰሟት። «ዘግተሽዋል?»

«ዘግቻለሁ።»

«የከሰሰ ሰው አለ?»

«የለም። ያወቀም የለም፤ ስለራሱ ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው አልሆነም ማለት ነው» አሉ። «ሎጉን አጥፊው። ሊቁ ያሳይሽ። ርክክቡ ነገ ነው፣ ምደባሽን እፈርማለሁ፣ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። ሰው የማያውቀው ነገር አይጎዳውም።»

«የእህቴን ልጅ ጎድቷታል።»

ቀና ብለው አዩዋት። «ይቅርታ። ለሷ ሌላ ምክንያት ፈልጊላት።»

ወደ ክፍሉ ስትመለስ ሊቁ የሚጻፈውን አዘጋጅቶ ጠበቃት። አንድ መስመር ነው፣ የመጨረሻው ትምህርት ይኸው ነው፤ ይህ ከተጻፈ የእጮኛው እህትም፣ ሰማንያ ሰባቱም፣ አርባ ሦስቱም፣ ሦስቱ ሰባቶችም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። «አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ» አላት፣ ወንበሩን እንደ ደግ ልጅ ስቦላት። እውነት ለመናገር ጣቷን ዘርግታ ነበር። መጋዘኑን፣ ደረጃውን፣ ጉልበቷን አሰበች። እህቷ ፊት ቆማ «ማን እንዳወራ አላወቅኩም» ስትል ታያት፤ ድምፅዋን ጭምር ሰማችው፣ እንዴት ለስላሳ እንደሚሆን። የሊቁን ጣት፣ ጥፍሩን፣ ያን አረንጓዴ ሻይ የተጸየፈችው ሁሉ ተደምሮ አሁን ራሷን የተጸየፈችውን ያህል አልነበረም።

«ውጣልኝ» አለችው።

«እትዬ...»

«ለውዝህን ይዘህ ውጣልኝ።»

ወጣ። ፋይሊት ሎጉን አላጠፋችም። የላቦራቶሪውን ድረ ገጽ የፊት ገጽ ከፈተች። ገጽ መለወጥ በሁለተኛው ሳምንት ተምራለች፤ ለሕዝብ የሚታይ ነገር በእጇ ስትጽፍ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋች፤ «በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር» ብላ የጀመረችውን ስታነበው ራሷን አስጠላት። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

«ለዐሥራ አንድ ቀናት የስድስት መቶ አርባ ሰዎች የምርመራ ውጤት ከነሙሉ ስማቸው ለማንም ክፍት ነበር። ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ከፍተው አንብበዋል። ፋይሎቹን በስም የሰየምኩትም፣ ፎልደሩን የከፈትኩትም እኔ ነኝ። አሁን ተዘግቷል። የእርስዎ ውጤት ተነቦ እንደሆነ ለማወቅ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።» ከሥሩ እውነተኛ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች፣ የራሷን ስልክም አስቀመጠች። ሊንኩን ለስድስት መቶ አርባዎቹ፣ ለእህቷም ላከች።

ከዚያ ሎጉን ከፍታ ተቀመጠች። ጥቂት ጊዜ አዲስ ነገር ሳይጻፍበት ቆየ። አንድ መስመር መጣ። ሁለት። ከዚያ በዓይን ለመከተል እስኪያስቸግር ድረስ ይወርድ ጀመር። ፎቅ ላይ የሥራ አስኪያጁ በር በኃይል ሲከፈትና ስሟ ሲጠራ ሰማች።

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እውነት ነው? የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እህት ዓለም። በአፌ አልተናገርኩም፤ የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።»

 ከእህቷ ኋላ ልጅቱ «ማነው እማ?» ስትል ተሰማ፤ ገና አላነበበችም።

«እኔ አልነግራትም» አለች እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ዓይኗን አይተሻል። መጥተሽ ፊቷ ተቀምጠሽ አንቺው ትነግሪያታለሽ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምንሆን እንጃ።»

ፋይሊት ቦርሳዋን አነሳች። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እየወረዱ ነበር፤ በአጠገባቸው አልፋ ወጣች።